ክኒኑ ያሳረፈው ራስ

በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ዘቢብን የማያውቅ የለም። ከባሏ ከሱሩር ጋር በርበሬ፣ ሽሮና ቡና የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። ሰው ግን ከበርበሬዋ ይልቅ የሚያውቀው ራስ ምታቷን ነው። ሲነሳባት ግማሽ ራሷን ይዞ ይፈልጣታል። ብርሃን አታይ፣ ድምፅ አትሰማ፤ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥፍር አድርጋ አስራ ከጆንያዎቹ ኋላ ትጋደማለች። ሱዳኖቹ «ሸቂቃ» ይሉታል፣ ሐኪሞቹ ማይግሬን። ስሙ ምን ይሠራላታል! ዋግምት ተደርጎላታል፣ ቁርኣን ተቀርቶላታል፣ ሰው የሰጣትን ክኒን ሁሉ ውጣለች።

ጦርነቱ የካርቱምን ሰው ወደ ገዳሪፍ ሲያጎርፈው አንድ የነርቭ ሐኪም አብሮ መጣና እሱ ጋ ሄደች። ደግ ሰው ነው፤ ሳይቸኩል ጠየቃት። በመጨረሻ «መውለድ ታስቢያለሽ?» አላት። አጠገቧ የባሏ እህት ሲሃም ተቀምጣለች፤ በሩ ክፍት ነው፣ ተራ ጠባቂዎቹም ጆሯቸውን ጥለዋል። አይ የኛ ነገር! በእነ ዘቢብ ዘንድ ሴት ልጅ «መውለድ እፈልጋለሁ» ብላ በሰው ፊት አትናገርም፤ ዓይን ይበላዋል። ያረገዘችው እንኳ ሆዷ ገፍቶ እስኪያጋልጣት ትክዳለች። እናም ዘቢብ ከተዳረች ጀምሮ ስትለምነው የኖረችውን ነገር «ላ፣ ላ፣ ዱክቱር፣ የልጅን ነገር ትቼዋለሁ» ብላ ካደችው። ሐኪሙ አመናት፤ ምን ያድርግ? በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ጻፈላትና «ሐሳብሽን ከለወጥሽ ሳትነግሪኝ እንዳትቀሪ» አላት። እሺ ብላ ወጣች።

ክኒኑ ሠራ። ኧረ እንዴት አድርጎ ሠራ! ያ ፍልጠት እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጭራሽ ጠፋ። ዘቢብ በጠራራ ፀሐይ ቆማ ከደንበኛ ጋር እየተሟገተች፣ እየሳቀች መዋል ጀመረች። ሱሩርም «ሚስቴን መለሱልኝ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራል።

ክኒኑ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከካርቶኑ እየወጣ በዝርዝር ስለሚሸጥ፣ አብሮት ያለውን የማስጠንቀቂያ ወረቀት አይታው አታውቅም። አንድ ቀን ልትገዛ ስትሄድ ኢንቲሳር የምትባል አዲስ ፋርማሲስት አገኘች። ኢንቲሳር ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «እህቴ፣ ይህን ስትውጪ እንዳታረግዢ የምትወስጂው ነገር አለ?» አለቻት።

«የለም። ምነው?»

«ጽንስ ይጎዳል። አከርካሪውን ይጎዳል፣ አእምሮውንም ይጎዳል። ልጅ የሚያስብ ሰው አይውጠውም። በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው፣ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ።»

ዘቢብ የወር አበባዋ ከመምጫው ዘግይቶባታል፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ በልቧ ደስ እያላት ነበር። እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ክኒኑን ብትተወው ያ ፍልጠት ይመለሳል፤ ሞቷን እስክትመኝ ያደረሳት ፍልጠት። ከጆንያ ኋላ ተጋድማ የምትውል እናት ለልጇ ምን ትሆነዋለች? ብትቀጥል ደግሞ፣ ሆዷ ውስጥ ያለ ነገር ካለ በገዛ እጇ መርዝ ልታጠጣው ነው። ሁለቱንም ማሰብ አደከማት። የዘመናት ድካም ነው፣ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም።

በረክሻ ተሳፍራ ብቻዋን ሐኪሙ ጋ ሄደች። ስትገባ በሩን ራሷ ዘጋችው።

«ዱክቱር፣ ዋሽቼዎታለሁ። ልጅ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ለምርመራ ላካት። ውጤቱ ሲመጣ «እርግዝና የለም» አላት። መንገዱን ሁሉ «ያ አላህ፣ አሁን አይሁን፣ እባክህ አሁን አይሁን» ስትል የመጣችው ሴት ወንበሩ ላይ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ይገርማል፣ የሰው ሆድ!

ሐኪሙ እስክትረጋጋ ጠብቆ «ልቀይርልሽ እችላለሁ» አላት። «ይህኛውን በቀስታ እንቀንሳለን። አዲሱ ለሚያረግዙ ሴቶችም በክትትል ይሰጣል፤ የማርገዣውን ጊዜ ግን እኔ ነኝ የምነግርሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚህኛው ላያሳርፍሽ ይችላል። ራስ ምታትሽ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል። ሄደሽ አስቢበት።»

«አስቤ ጨርሻለሁ» አለችው።

ሱቅ ስትመለስ ሱሩር በርበሬ ይሰፍራል። ደንበኛው እስኪሄድ ጠብቃ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። ሱሩር መስፈሪያውን አስቀመጠ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«ዘቢብ፣ ልጅ ባይኖረንም አንቺ አለሽልኝ» አላት። «ያ ሥቃይሽ ግን ተመልሶ ቢመጣ፣ ወላሂ እኔ አልችለውም።»

«እኔም አልችለውም» አለች ዘቢብ። «ግን ክኒኑን አስቀይሬዋለሁ።»