የይማም ረጅም ጥጥ

«ጓድ ይማም፣ የጥጡን ጫፍ ቀንጥብ አልኩህ እኮ! ቀንጥብ! አዋሽ ላይ እንዲህ ነው የሚሠራው!»

የልማት ሠራተኛው ነገሪ ነው እንዲህ የሚጮኸው። ከወለጋ የመጣ ነው፤ አዋሽ ጥጥ እርሻ ላይ ጥቂት ሰልጥኖ፣ አዋሽን በጠራ ቁጥር ደረቱን እንደ አውራ ዶሮ ይነፋል።

ይማም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «የልጅ አንገት ይቆረጣል?» ይለዋል። «እኛ ወሎ ሰብል የምናየው ቀና ብለን ነው። ማሽላ ፈረሰኛ ካልሰወረ ምኑን ሰብል ሆነ! ማዳበሪያውን ጨምርልኝና ዞር በል።»

ይማም በሰፈራ ተጭኖ አሶሳ ሲራገፍ ጥጥ የሚያውቀው ጋቢው ላይ ብቻ ነበር። ምላስ ግን ይዞ መጥቷል። በዚያችው ምላስ «ግንባር ቀደም ገበሬ» ተባለና መንገድ ዳር ያለውን የሰርቶ ማሳያ ማሳ ጨበጠ። እሱን የያዘ ሰው ደግሞ ደወል ሲመታ ለጋራው እርሻ አይወጣም። የሰፈራ አምባው ሰው ሁሉ ጀርባው እስኪላጥ ሲኮተኩት፣ እሱዬው ጥላ ስር ተጋድሞ «ቴክኖሎጂ ላይ ነኝ» ይላል። ቴክኖሎጂ ድንቄም!

ጥጡ በማዳበሪያ ብዛት ቤት አከለ። ቅጠል ብቻ! የፈነዳ ጥጥ ለመድኃኒት የለም። እንዲህ እያለ ከላይ አንድ ትልቅ ጓድ ሊጎበኝ ይመጣል ተባለ። ነገሪን ላብ አጠመቀው። ይማም ደግሞ ደወሉ ከወዲሁ ጆሮው ላይ አቃጨለበት፤ ማሳውን ከነጠቁት መኮትኮቻ ይዞ ከሰው ጋር መሰለፉ ነው።

የገላገለችው ሚስቱ የሺሀረግ ናት። «ምን ያንዘፈዝፍሃል አንት ሰውዬ? ገበያው ላይ ጥጥ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለችው።

ይማም ገበያ ሄደና ከአሶሳ ማዶ፣ ከመንጌ ከተማ ጥጥ እያመጣች ከምትቸረችረው ከዐዋጢፍ ጆንያ ሙሉ ገዛ።

«ወላሂ ይማም፣ አንተ ጥጥ ገበሬ ነው፤ ከእኔ ጥጥ ይገዛል?» ብላ በኮልታፋ አማርኛዋ ሳቀችበት።

ባልና ሚስት ነጩን ጥጥ በየቅርንጫፉ በክር አሰሩት። ነገሪም አብሮ አሰረ፤ ይሄንንስ አዋሽ አላስተማሩትም።

ጓዱ ከነአጃቢው መጣ። አንዱን ነጨና በጣቱ ቢያሸው፣ ቢያሸው፣ ምንም የሚቆረቁር የለም። ለካ ዐዋጢፍ የሸጠችለት ለፈትል የተዳመጠውን፣ ፍሬው ወጥቶ ያለቀውን ኖሯል! ይማም ዓይኑን ጨፈነ።

«ፍሬ የለውም!» አለ ጓዱ። «ጓዶች፣ መዳመጥ የማያስፈልገው ዝርያ! ሳይንስ ማለት ይሄ ነው! ዘሩ በአስቸኳይ ለየአምባው ይከፋፈል!»

ፍሬ የሌለው ጥጥ፣ ዘሩ ይከፋፈል! ጭብጨባው ቀለጠ። ነገሪማ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።

ማሳው ለይማም ጸና። ይኸው አሁን የየአምባው ሰው ለዘር ብሎ ቁና ይዞ ደጁ ተኮልኩሏል። እሱ ጓሮ ከየሺሀረግ ጀርባ እንደተሸጎጠ፣ ይህን ታሪክ የምትጽፈዋን እስክሪብቶዬን አያትና ተንደርድሮ ወደ እኔ መጣ።

«አንተ ወሬኛ! ይቺን ወረቀት ያ ትልቁ ጓድ ካያት እኮ ነገ ደወል ላይ ነኝ! በቃ፣ አትጻፍ! አትጻፍ አልኩህ!»