ረቡዕ ቅቤ ማን ይቀምሳል?

ከቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ተወልጄ ያደግሁ የደብተራ ልጅ ነኝ። የተዳርኩት ግን ገበያ ላይ ነው። የባሌ ቤት ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ መንደር፣ ከገበያው ጠርዝ ላይ ነበር። በገበያ ቀን በሩን ስከፍት የሰው ጀርባና የአህያ ጭራ ይቀበለኛል። አባቴ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ነገር መጠየቅን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ አብሮኝ የተወለደ ነው። አማቴ በገባሁ በሳምንቱ፣ "ይቺ ልጅ አፍንጫዋ ከእግሯ ቀድሞ ነው ከቤት የሚወጣው" አሉ። አልተቀየምኳቸውም።

ከገበያው ሁሉ ቀልቤን የወሰደው ቅቤ ተራ ነው። ሴቶቹ ቅላቸውን ከፊታቸው አድርገው፣ ቅቤውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ በየአጥቢያቸው ይደረደራሉ። ከአንዷ አጥቢያ የመጣች ከሌላዋ መሀል አትቀመጥም። ገዢዎቹ ከደብረ ታቦር በበቅሎ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። እነሱ ለወጣቸው አይደለም የሚገዙት፤ የብዙ ሴቶችን ቅቤ ሰብስበው በአንድ ትልቅ ቅል ይጠቀጥቁና ይጭናሉ። እዚያ ቅል ውስጥ ከገባ በኋላ የማን እንደነበር የሚያውቅ የለም። አንዲት ሴት የከረመ ቅቤ ካስገባች፣ ደብረ ታቦር ሲደርሱ የሁሉም ቅቤ ጠረኑ ተለውጦ ይገኛል።

ስለዚህ ነጋዴ ሳይቀምስ አይገዛም። ስንጥር ወደ እንክብሉ መሀል ይሰድዳል፣ ያወጣል፣ ጫፉን በምላሱ ይነካል። ትኩሱ ለጋ ይባላል፣ የከረመው በሳል። በሳል ማምጣት ነውር አልነበረም፤ ለወጥ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ብሎ ለብቻው ነው። ነውሩ በሳሉን መሀል አድርጎ ለጋ ማልበስ ነበር። ጠብ ሲነሳ የገበያው ዳኛ፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ፣ ይመጡና "አንድ ነው ሁለት?" ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት የተባለባት ሴት እስከ ፋሲካ ከቅቤ ተራ ትወጣለች። ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። እህሉ የባል ነው፤ ቅቤው ግን የሴቷ ነው፣ ጨውና በርበሬ፣ ለነጠላ የሚፈተለው ጥጥ የሚገዛው በእሱ ነው።

ገበያችን ድሮ ቅዳሜ ይውል ነበር። ንፋስ መውጫም ቅዳሜ ስለሚውል ነጋዴው ለሁለት ይከፈላል ተባለና፣ ከበላይ ትእዛዝ መጥቶ የእኛ ወደ ረቡዕ ዞረ። አዋጁ የተነገረው ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ ነው። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። ነጋዴው ቀመሰ፣ ገዛ፣ ጫነ፤ ሕዝቡም "ምን ያለ ብልህ ሹም ነው" ብሎ አመሰገነ። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ወንዙ ሞላ፣ ነጋዴ ጠፋ። መስከረም ጠብቶ ላሞቹ ለምለም ሲግጡ ቅቤው እንደ ጉድ መጣ፤ ነጋዴውም መጥቶ ስንጥሩን ሰድዶ አወጣና ወደ አፉ ሲያስጠጋ እጁ አየር ላይ ቀረ። ረቡዕ ነው። ጾም ነው።

ያን ያህል ቄስ፣ ያን ያህል ዲያቆን፣ ጾም ነጋሪ ሽማግሌ በሞላበት አገር አንድ ሰው እንዴት ይህን አላስታወሰም? እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ባሌን ብጠይቀው፣ "የጠገበ ሰው ጾም ትዝ አይለውም" ብሎ ዘጋኝ። ምናልባት መልሱ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከቤቴ ደጃፍ ሆኜ ስከታተል እውል ነበር። መጀመሪያ በአፍንጫ ሞከሩ። በጣም የከረመውን አፍንጫ ይለየዋል፤ ገና መክረም የጀመረውን ግን ለጋው ጠረኑን ይሸፍንበታል። ቀጥለው ሙስሊም ነጋዴዎች ይቅመሱ ተባለ። እነሱ ጾሙ አይመለከታቸውም፤ ግን እነሱም ገዢ ናቸው፣ ገዢ ደግሞ ዋጋ ለመስበር ለጋውንም በሳል ይላል ብለው ሴቶቹ አኮረፉ። አንድ ቀን ጾም ያልጀመረ ሕፃን አቀረቡ። ሕፃኑ የቀመሰውን ሁሉ "ጨምሩልኝ" አለ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ነጋዴዎቹ ግን አልሳቁም። እንዲህ ከሆነ ወደ እስቴ ገበያ እንዞራለን አሉ። ነጋዴ ከዞረ ቅቤ ተራ አለቀላት ማለት ነው።

ያን ሰሞን እኔ ሴት ልጅ ወልጄ አራስ ሆንኩ። መላውን ያመጡት አማቴ ናቸው። ዳኛው ግራ ገብቷቸው በበራችን ሲያልፉ፣ "አራስ ጾም የለባትም። ልጅቱ ሰማንያ ቀን እስኪሞላት ምራቴ የምትበላው ቅቤ ነው። ደሞም ምላስ አላት" አሏቸው። ምላስ ያሉት ቅምሻውን ይሁን ነገረኛነቴን አልጠየቅሁም። ቄሱም ተጠይቀው፣ አራስ ብትቀምስ ምን ገዷት አሉ።

በዚህ ዓይነት ልሄድበት ያልቻልኩት ገበያ እኔ ዘንድ መጣ። ጠብ በተነሳ ቁጥር ዳኛው ደጃፍ ላይ ይቆማሉ። አራስ ቤት አይገቡም፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው እጃቸውን ብቻ ይሰዳሉ። በኮባ ቁራጭ ላይ ከላዩ አንድ ቅንጣት፣ ከመሀሉ አንድ ቅንጣት። አራስ ቤት የገባ አይመለስምና ትራፊው የእኔ ነው። የማን እንደሆነ አይነግሩኝም፣ መጠየቅም ክልክል ነው። ለእኔ ቢጤዋ ከዚህ የበለጠ ቅጣት አልነበረም።

ቀስ በቀስ ግን ቅቤው ራሱ ይነግረኝ ጀመር። ዋልካ መሬት ላይ የጋጠች ላም ቅቤና ደጋ ላይ የጋጠች ላም ቅቤ አንድ አይደለም። መግፊያዋን በወይራ የምታጥንና በሌላ እንጨት የምታጥን ሴት ይለያያሉ። እየቀመስኩ አገሩን የዞርኩት ይመስለኝ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጓጓሁበት ጊዜ የለም። "አንድ ነው" ስል ውጭ እልል ሲባል እሰማለሁ። አንድ ረቡዕ "ሁለት ነው" አልኩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት እያለቀሰች ከአጥሩ ጀርባ ስታልፍ ሰማሁ። ድምፅዋን አወቅሁት፤ በአጥቢያችን ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ያን ቀን የትራፊውን ቅቤ አልበላሁትም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ባሌ አጨዳ፣ አማቴ ገበያ፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ዳኛው መጡ።

"ደኅና ዋልሽ፣ ልጄ? ሕፃኒቱስ?"

"ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይስጡኝ።"

እጃቸው ገባ። የላዩን ቀመስኩ። ጦስኝ። በአካባቢው መግፊያዋን ካጠነች በኋላ የጦስኝ ቅጠል የምታሽበት ሴት አንዲት ብቻ ናት። ይህን ቅቤ በየማለዳው ገንፎዬ መሀል አገኘዋለሁ። አማቴ።

ደስ ብሎኝ የመሀሉን አፌ ውስጥ አደረግሁ። ጉሮሮዬን ቧጠጠኝ።

እንደገና ቀመስኩ። ያው ነው። አማቴ እስከ ፋሲካ ከተራው ሊወጡ ነው፤ ያውም በእኔ አፍ፤ ያውም ለዚህ ሥራ ያጩኝ እሳቸው።

"ነጋዴው ምን አለ?" አልኩ፣ ጊዜ ለመግዛት።

"ጠርጥሯል እንጂ አላወቀም። አንድ ነው ሁለት?"

አንድ ነው ብል ማን ያውቃል? የቀመስኩት እኔ፣ የዋጥኩት እኔ። ቃሉ አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ ያለፈችው ሴት ለቅሶ ትዝ አለኝ። ለእሷ ሁለት የሆነ ምላስ ዛሬ እንዴት አንድ ይሆናል?

"ሁለት ነው" አልኩ።

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ፊታቸውን መለስ አደረጉ።

"አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"እሺ፣ ልጄ" ብለው ሄዱ።

ልጄ ክርስትና ስትነሳ እኔም ወደ ጾሜ ተመለስኩ። ሌላ አራስ ቢፈለግ በቅርብ አልተገኘም፤ ገበያ ደግሞ አራስ እየጠበቀ አይውልም። ሽማግሌዎቹ አቤት ብለው ገበያው ወደ ቅዳሜ ዞረ። ይህ ግን የኋላ ነገር ነው።

ያን ቀን አማቴ ገበያው ሳይፈታ መጡ። ቅሉን ሰቀሉ፣ ነጠላቸውን አጠፉ፣ ምድጃው ዘንድ ሄደው ገንፎ ማገንፋት ጀመሩ። ፈራሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እማዋይ፣ ተቀየሙኝ?" አልኩ።

"ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር" አሉ ሳይዞሩ። "ዝም ብትዪ ደግሞ ከዚያች ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር በቤተ ክርስቲያን በር እንዴት እተላለፍ እንደነበር አላውቅም። ይሁን።"

"ግን ለምን? እርስዎ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደሉም።"

ገንፎውን አውጥተው መሀሉን በማንኪያ ጎደጎዱት።

"አንዷ ላም ነጥፋለች። ካንቺ መውለድ ወዲህ የአንዲቷ ብቻ ነው ያለን። የአንዲት ላም ቅቤ ለገበያም ለአራስም አይበቃም። ለጋውን ላንቺ አስቀርቼ፣ ለገበያው አምና የተረፈውን፣ ትንሽ ለጋ አለብሼ፣ አወጣ ነበር።"

በየማለዳው ገንፎዬ መሀል እየቀለጠ ሲጠብቀኝ የነበረው ያ ወርቅ የመሰለ ቅቤ ትዝ አለኝ። እኔ፣ ሁሉን የምጠይቀው፣ ከየት ይመጣል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትበዪ ነበር?"

አልበላም ነበር። እሳቸውም ያውቁታል።

ያለውን ለጋ ቅቤ ሁሉ፣ ለሌላ ቀን ይደር ሳይሉ፣ ገንፎው መሀል አደረጉት።

"እንግዲህ እስከ ፋሲካ የምሸጠው የለኝም" አሉ። "ብዪ።"

እያለቀስኩ በላሁ። እሳቸውም እስክጨርስ ድረስ ከራስጌዬ አልሄዱም።