የነጯ መኪና የመሃል ብሎን

ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለቴ ጥሎኛል፣ ምላሴ ግን አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም። መካነ ሰላም ውስጥ አምስት ልጆች «ተደራጁ» ተብለን አንድ የቆርቆሮ ሼድ ተሰጥቶን ነበር። ሁለቱ ሳይከርሙ ሳውዲ ገቡ፣ አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ አንዱ ወታደር ሆነ። ቀረሁ እኔ፣ እና ሙያውን እንዲያስተምሩን የተጨመሩልን ሽማግሌ መካኒክ። ድሮ በደርግ ጊዜ ታንክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

ነጯን መኪና ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከእርዳታ መስሪያ ቤት በጨረታ የወጣች ረጅም የፊልድ መኪና ናት። የገዛቻት ጅዳ አስራ አንድ አመት የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ሴትዮ ናት፣ የሚነዳት ታናሽ ወንድሟ። ከመካነ ሰላም ወግዲ ሰውም ጤፍም ይጭናል። ልጁ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጧል፣ እንደ እኔው ነው የወደቀው። ልዩነታችን እሱ እህት አለችው።

የዛን አመት ጤፍ ከመወቃቱ በፊት መጣና «የኋላዋ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል። ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት ጨምርልኝ፣ ኩንታል ልጭንባት ነው» አለኝ። ባሌስትራ ማለት የኋላውን ክብደት የሚሸከመው፣ እየተደራረበ የታሰረ ጎባጣ ብረት ነው። መሃል ለመሃል አንድ ብሎን ቀዶት ያልፋል። ጣት የምታክል ነገር ናት፣ ግን አክሰሉ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይንሸራተት የያዘችው እሷ ናት። እዚህ አገር ብረት ማስጨመር ሁሉም የሚያደርገው ነው፣ እኔም ከሞተ የጭነት መኪና ላይ አንዱን ፈትቼ ጨመርኩለት። ብረት ሲጨመር ታዲያ የድሮው ብሎን ያጥራል። ረጅሙ ያለው ደሴ ነው። ልጁ ደግሞ «ነገ ገበያ ነው፣ ነገ ገበያ ነው» እያለ ጆሮዬን በላው። ጋሼ የሉም፣ ለቅሶ ሄደዋል። ምን ላርግ? የቤት ኮለን ከሚሰራበት ሽንትር ሽንትር ብረት፣ ከቶንዲኖ፣ አንድ ቁራጭ አነሳሁ፣ ጫፍና ጫፉን ጥርስ አወጣሁለት፣ ከተትኩት። ረጅሙ ከደሴ እስኪመጣ አስር ቀን ቢይዝ ይበቃኛል ብዬ ነው። ሄደ።

በሶስተኛው ቀን ተጣላን። መናኸሪያው በር ላይ ሰው በተሰበሰበበት «አንተ ቀጥቃጭ፣ መንገድ ልቀቅ!» አለኝ። ቀጥቃጭ ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ልጁን አይድርልህም፣ ምግብ ስትበላ ፊቱን ያዞራል። እኔም ዝም አላልኩም። «አንተ ናፍታ የምትሞላው የእህትህን ላብ ነው!» አልኩት። ሰው አውካካ። ከዛ ቀን ጀምሮ ተኮራረፍን። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ሰማይ፣ እኔ ወደ መሬት።

አራት ወር እንደዛ ኖርን።

አንድ ቀን ነጯ በጭነት መኪና ተጎትታ መጣች። ከወግዲ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ቂጧ ዞሮ ከድንጋይ ካብ ጋር ተላትማለች። ሰው አልሞተም፣ አልሃምዱሊላህ። አንድ አዛውንት ገበሬ ግን ከመኪናዋ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ከተማው ወዲያው ፈረደ። «ጫት ቅሞ ነው» አለ አንዱ፣ «ጠጥቶ ነው» አለ ሌላው። ልጁ «መሪው እጄ ላይ ቀጥ ብሎ እያለ ራሷ ዞረች» ቢል ማን ይስማው! እህቱም ከጅዳ ደውላ «ጥፋቱ የሱ ከሆነ መኪናዋ ትሸጥ፣ ለሰውዬው መታከሚያ ይሁን» አለች አሉ። እሱ ደግሞ «መኪናዋን ከወሰዳችሁብኝ በባህር እሄዳለሁ» ብሏል። በባህር ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የማያውቅ የለም። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ዓሣ የበላው የዚህ አገር ልጅ ብዙ ነው።

በሶስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ እኛው ግቢ መጡ። አንድ ሸህ፣ አንድ ቄስ፣ የተጎጂው ታላቅ ወንድም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሸሁ ዱዓ አደረጉና «ሰው ሲዋሽ እንሰማለን። ብረት አይዋሽም። ፈታው፣ ምን እንደሆነ ይንገረን» አሉኝ። ልጁ በሩ ላይ ቆሟል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ጋሼ ከጎን ብረት ይሞርዳሉ።

እኔ ደስ ብሎኛል። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል! በክሪክ አነሳኋት፣ ድንጋይ ደገፍኩላት፣ የቀኙን ጎማ አወለቅኩ። እየሰራሁ አፌ አያርፍም። «አባቶቼ፣ መኪና ጫት አይቅምም፣ ከቃመ ሰው ጋር ግን ይመረቅናል» አልኩ። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አክሰሉ በቀኝ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል። «ይኸው፣ ከልኩ በላይ ጭኖ ነው» አልኩ።

ማሰሪያዎቹን ፈትቼ ባሌስትራውን ሳወርደው የመሃሏ ብሎን ለሁለት ተበጥሳ እጄ ላይ ወደቀች። ጠረግኳት። ሽንትር ሽንትር አላት። ቶንዲኖ!

«ያ ረቢ! የትኛው ቀጥቃጭ ነው ይሄን እዚህ የከተተ?» ብዬ ጮህኩ። ወላሂ፣ እንዲህ ብዬ ነው የጮህኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ። ትዝም አላለኝ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ግባና ከመደርደሪያው አዲስ ብሎን አምጣ» አሉኝ። ገባሁ። ከአሮጌ ኩሽኔታ ጀርባ አንድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አለ። አቧራውን አራገፍኩት። ላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የነጯ። የኋላ ቀኝ። ቶሎ ይቀየር» ይላል። ፊደሉ ጎባጣ ነው። የኔ ፊደል።

ክው አልኩ። መደርደሪያውን ያዝኩ። ያኔውኑ በአውቶቡስ ረዳት ወደ ደሴ ልኬ ያስመጣሁት ብሎን ነው። የመጣው በተጣላን ማግስት ነበር። ልጁ በሳምንት ሁለቴ በራችን ላይ ያልፍ ነበር። «የከተትኩልህ የውሸት ነው፣ ግባ ልቀይረው» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። መጀመሪያ አልረሳሁትም ነበር፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። «ራሱ መጥቶ ይለምነኝ» ብዬ ነው። ምን ብሎ ይለምነኛል? አያውቅማ! ከዛ በኋላ ነው የረሳሁት። አራት ወር ሙሉ በየጉዞው አስር አስራ አምስት ሰው በዛች ቁራጭ ላይ ሲሄድ ኖሯል። ሕፃን የታቀፈችም፣ ነፍሰ ጡርም።

የሼዱ ጀርባ ቆርቆሮ ተቀዷል፣ ከጀርባው ገደል ነው። ቁራጯ በአንድ እጄ፣ ወረቀቱ በሌላው። ሁለቱንም ብወረውር ማንም አያውቅም። ልጁም በባህር ይሄዳል። አሰብኩት። ስንት ሰዓት እንደቆምኩ እንጃ፣ ጋሼ «ምነው፣ ብሎኑን እየወለድከው ነው?» ብለው ሲጣሩ ነው የነቃሁት።

ወጣሁ። ምላሴ ያን ቀን ጣለኝ። ወረቀቱን ለቄሱ ሰጠኋቸው። ድምጽ አውጥተው አነበቡት።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ ሸሁ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ብረቱን የጨመርኩትም፣ ቶንዲኖውን የከተትኩትም እኔ ነኝ። ቶሎ መቀየር ነበረበት። ስለተኳረፍን አልነገርኩትም።»

ልጁ ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«በኩርፊያ?» አሉ የተጎጂው ወንድም። «የወንድሜ እግር በኩርፊያ ተሰበረ?» እየደጋገሙ ይሄንኑ አሉ።

በኛ አገር ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን። ድንጋይ ላነሳ ስል ሸሁ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ተው፣ ድንጋዩ ምን አደረገ? ራስህ የጨመርከውን ተሸከም!» ያቺን ጎባጣ ብረት ማጅራቴ ላይ ጫኑብኝ። በከተማው መሃል፣ በመናኸሪያው በር፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ ተጎጂው ቤት ሄድኩ። ቀጥቃጭ የተባልኩባት በር ናት። አንድም ሰው አልሳቀም፣ እሱ ነው የገደለኝ።

አዛውንቱ እግራቸው በቀርከሃ ታስሮ መደብ ላይ ተኝተዋል። ደጃፋቸው ላይ ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉንም ነገሯቸው። አዛውንቱ ብረቷን አስቀርበው በጥፍራቸው አንኳኩ።

«ይቺ ናት የጣለችኝ?»

«አንቱን የጣልኩ እኔ ነኝ፣ አያ።»

«አንተንማ ምን ላርግህ፣ ለምን ትሆናለህ? ብረቷ ግን ደህና ናት። ተዋት እዚህ። ማረሻ ይወጣታል። እግሬ እስኪድን ለመኸር ልጆቼ ያርሱባት፣ አንተም ከነሱ ጋር ወጥተህ በሬ ትነዳለህ።» ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ሄጄ ግን በሬ ነዳሁ፣ ክረምቱን ሙሉ።

መኪናዋ አልተሸጠችም። የደሴውን ብሎን ከተትኩ፣ የተጨመረውን ብረት ስላወጣሁ ብሎኑ ረዘመ፣ ትርፉን በሮንዴላ ሞላሁት፣ አጠበቅኩት። ልጁ ሊወስዳት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ጋሼ ብቻ ያያል። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ከሳምንት በኋላ ይዘሃት ና። ብረቱ ሲቀመጥ ማሰሪያው ይላላል፣ ደግሜ አጠብቀዋለሁ» አልኩት። በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያ ቃሌ ናት።

አላየኝም። ቁልፉን ተቀበለ፣ ገባ፣ ሞተር አስነሳ። ከዛ በመስኮት አንገቱን አወጣና «ጋሼ፣» አለ፣ «ለዚህ ሰውዬ ሰምቻለሁ በሉልኝ።»

በሳምንቱ መጣ። ከመኪናዋ ሳይወርድ ጠበቀ፣ እኔም ስሯ ተኝቼ አጠበቅኩለት።