የሞተችው ቀበሮና የአያ ታከለ እጅ

ረቡዕ ንጋት፣ ጎንደር

ከፒያሳ ስንነሣ የዳቦ ቤቶቹ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ኅዳር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ለወትሮው ወደ ስሜን ተራሮች ስወጣ ደስታዬ ከእኔ ቀድሞ መኪናው ላይ ይወጣል። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም።

ሥራዬ በክልላችን ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትን መከታተል ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ አያ ታከለ ደወሉልኝ። አያ ታከለ ከደባርቅ በላይ፣ ደጋው ጫፍ ላይ የሚኖሩ ገበሬና የፓርኩ ጠባቂ እስካውት ናቸው። በሸንተረሩ ላይ የሚኖረውን የቀይ ቀበሮ ቤተሰብ ለዓመታት የጠበቁት እሳቸው ናቸው።

«አንዷ ሞታ አገኘኋት» አሉኝ።

«ምን ነካት?»

«እንጃ። አፏ አረፋ ደፍቋል። ውሻ እንዳይጎትታት ብዬ ወስጄ ቀበርኳት።»

«በምን አነሷት?»

«በእጄ ነዋ! በምን ላንሣት?»

አረፋ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ከተሻገረ ቤተሰቡን ሙሉ ይጠርጋል። እጃቸው ላይ ቁስል ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ገብስ ሳጭድ ማጭድ ነክቶኛል፤ ቀላል ነው» አሉ። በሳሙና ደጋግመው እንዲታጠቡ፣ ዛሬ በጠዋት ደባርቅ ወርደው መርፌ እንዲወጉ፣ እኔም እዚያው እንደማገኛቸው ነገርኳቸው። «እሺ» አሉ። እሺታቸው ግን አልጣመኝም።

ረፋድ፣ ወገራ

ሾፌራችን አብዱ የጎንደር ልጅ ነው። አባቱም አያቱም ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ከልጅነቱ መኪና እንጂ ሱቅ አልወደደም። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንጨርስ የወገራ ሜዳ ተዘረጋ፦ የታጨደ ገብስ፣ ክምር፣ ጭድ የተጫኑ አህዮች፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ክምር። መንገዱ ሰሞኑን ተዘግቶ ስለነበር ሚኒባሶቹ ጣሪያቸው ድረስ ሰውና ዕቃ ጭነዋል።

አምባ ጊዮርጊስ ኬላ ላይ አንድ ፈታሽ ከኋላ ያለውን የፕላስቲክ ሣጥን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ምንድን ነው?»

«በረዶ» አለ አብዱ።

«ወዴት?»

«ወደ ደባርቅ።»

ፈታሹ ጓደኛውን ጠራው። «ና እስቲ እነዚህን ስማቸው! ወደ ደባርቅ በረዶ ይዘው ይሄዳሉ!» ሣጥኑን ከፍተው አይተው ሥቀው ለቀቁን። ከቀበሮዋ ለምወስደው ናሙና ማቀዝቀዣ መሆኑን ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም። ከጎንደር ከወጣሁ ወዲህ የሣቅሁት እዚያች ላይ ብቻ ነው።

ዳባት ላይ ቁርስ በላን፤ እንቁላል ፍርፍርና ትኩስ ሻይ። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ዘይት ተወደደ ብላ ፍርፍሩን አሳንሳዋለች፤ በምትኩ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ጨመረችልን። አብዱ የእኔንም ድርሻ በላው።

ከሰዓት በኋላ፣ ደባርቅና ደጋው

አያ ታከለ ደባርቅ የሉም። የሆስፒታሉን ግቢ ዞርኩ፤ ማንም አላያቸውም። ስልካቸው አይነሣም። ወደ ላይ ወጣን። የአስታው ዛፍ አልቆ የጅብራው ተክል ብቻውን መቆም ሲጀምር፣ ሸንተረሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ምነው አያ ታከለ! ተስማምተን አልነበረም?»

«ሌሎቹን ማን ይጠብቃቸዋል?» አሉ ሳይነሡ። «ያቺ ከሞተች ወዲህ አንዳቸውም አልታዩም። ጉድጓዳቸው ባዶ ነው። እኔ ወርጄ መርፌ ስጠብቅ እነሱ ይለቁ?»

ቀብሩን አሳዩኝ። ጓንትና ጭምብል አድርጌ አፈሩን ገለጥኩ። ሴት ቀበሮ ናት፤ ቀይ ጠጉሯ ጭቃ ለብሶም ያምራል። ለምርመራ የሚያስፈልገውን ጭንቅላቷን ወሰድኩ፤ ጠቅልዬ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ። አብዱ ዞር ብሎ «ቢስሚላህ» እያለ ቆየ።

ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ በር ላይ ተቀበሉን። «ጠበል አስጠምቄዋለሁ» አሉኝ። «መርፌውን ግን እምቢ አለኝ። አንቺ ተናገሪው፤ እኔን አይሰማም።»

እንግዲህ መለሳለስ አልቻልኩም። «አያ ታከለ፤ ይህ በሽታ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። መርፌው የሚያድነው ሳይጀምር ነው» አልኳቸው።

በጨርቅ ያሰሩትን እጃቸውን አዩ። ከዚያ «አንቺ እዚህ ቀርተሽ ቀበሮዎቹን ትፈልጊልኛለሽ?» አሉ።

«እፈልጋለሁ።»

«ማይልኝ።»

«እግዜርን!»

ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። አብዱ እሳቸውን ሆስፒታል አድርሶ፣ ሣጥኑን ይዞ ወደ ጎንደር ቤተ ሙከራ በረረ። የመኪናው አቧራ እስኪጠፋ እትዬ ጥሩዬና እኔ ጎን ለጎን ቆመን አየን።

ሐሙስ፣ ሸንተረሩ

ቀኑን ሙሉ በመነጽር ሜዳውን ስጠርግ ዋልኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ፤ ሣር እየነጩ ይንጫጫሉ። ጥንብ አንሣ ገደሉን ይዞ ያንዣብባል፤ እሱን ባየሁ ቁጥር ሬሳ ያየ እየመሰለኝ መነጽሬን ወደዚያ አዞራለሁ። በጓሳው ሣር መሐል አይጦች ከጉድጓድ ጉድጓድ ይሯሯጣሉ። ቀበሮ ግን የለም። የቀበሮዎቹ ምግብ የሆኑት እነዚያ አይጦች እንዲህ በልበ ሙሉነት ሲጫወቱ ማየት ለእኔ ጥሩ ምልክት አልነበረም።

ከሰዓት ጉም መጣና ሁሉን ሸፈነው። እትዬ ጥሩዬ በሶ በጥብጠው አመጡልኝ። አጠገቤ ተቀምጠው «ታከለ መርፌ ይፈራል» አሉ። «ጅብ አይፈራም፤ ነብር አይፈራም። መርፌ ይፈራል። ቀበሮዎቹን ያነሣብሽ አንድም ለዚያ ነው።» ሁለታችንም ሣቅን፤ እሳቸው እየሣቁ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

አመሻሽ ላይ አያ ታከለ በጭነት መኪና ተሳፍረው ተመለሱ። ክንዳቸውን አሳዩኝ። «ወጉኝ። ቅዳሜ ድገም ብለውኛል።» ከዚያ ፊቴን አይተው ስለ ቀበሮዎቹ ሳይጠይቁ ወደ ቤት ገቡ፤ ውስጥ ሕፃኗ የልጃቸው ልጅ ስታለቅስ ግን ተመልሰው ወደ ደጅ ወጡ።

ዓርብ ማለዳ

ጓሳው አመዳይ ለብሶ ነጭቷል። አብረን ወጣን። አያ ታከለ በአሮጌው ጉድጓድ ፈንታ ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ፀሐይ ቀድማ ወደምታርፍባቸው አለቶች ሥር ወሰዱኝ። ሌሊቱን ሲያስቡ አድረው ነው፤ «ብርድ ሲጠና ቦታ ይለውጡ እንደሆነ» አሉ። እኔም ያመንኩት ለማመን ስለፈለግሁ ነው።

ብዙ ቆየን። ጣቶቼ መነጽሩን መያዝ አቃታቸው። ድንገት አያ ታከለ እጅጌዬን ጨመደዱ።

«ዝም!»

ከአለቱ ሥር ቀይ ነገር ወጣ። ሴት ቀበሮ ናት። ተንጠራራች፣ አየሩን አሸተተች፤ ከኋላዋ ቡችሎች እየተንከባለሉ ወጡ። አንዱ የሌላውን ጅራት ነክሶ ይጎትታል። ወዲያው ከሜዳው ማዶ ሌሎቹ አይጥ በአፋቸው ይዘው መጡ። አረማመዳቸውን አየሁ፤ አይንገዳገዱም። አፋቸውን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ሁሉም ሥራቸው ላይ ናቸው።

«አሉ» አሉ አያ ታከለ በሹክሹክታ። «አሉልን!»

እኔም መነጽሩ በዕንባ ደብዝዞብኝ አወረድኩት። ግማሹ ሸክም ወረደልኝ። የቀረው ግማሽ ከጎኔ ተቀምጦ፣ በጨርቅ የታሰረ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ነበር።

ቅዳሜ፣ ደባርቅ

ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ተራ እየጠበቅን ነው። አያ ታከለ ጭራቸውን ያወዛውዛሉ፤ ዝንብ የለም። እትዬ ጥሩዬ ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ ፊታቸው ላይ ላብ አለ።

አብዱ ከግቢው በር ሲገባ አየሁት። ይሮጣል። ውጤቱን በስልክ መናገር ይችል ነበር፤ ግን ራሱ ሊያደርስ ማልዶ ተነሥቷል።

«ነጻ ናት!» ብሎ ጮኸ። «በሽታው የለባትም! አልሐምዱሊላህ!»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። እውነት ነው። የተላከው የራስ ቅል ከኋላው በኩል ተሰብሯል፤ ብርቱ ምት ነው ይላል። በጉም ውስጥ መንገዱ ላይ መኪና ገጭቷት፣ ራሷን እየጎተተች ሸንተረሩ ላይ ደርሳ ወድቃለች ማለት ነው። አፏ ላይ የታየውም ከምቱ የመጣ የደም አረፋ ሳይሆን አይቀርም።

አያ ታከለ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ማኪና ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ምስኪን። እስከ ቤቷ ልትደርስ ነበር።» ቀጥለውም ወደ ነርሷ ዞሩ፤ «ታዲያ አሁንም ትወጊኛለሽ?»

ነርሷ ውጤቱን አይታ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰች። «አያስፈልግም፤ ይሂዱ» አለቻቸው። አያ ታከለ እጇን ስመው ከሆስፒታሉ የወጡበት ፍጥነት ስልሳ ዓመት የደፈነ ሰው ፍጥነት አይደለም።

ስንመለስ እትዬ ጥሩዬ ሕፃኗን የልጃቸውን ልጅ ታቅፈው መንገድ ዳር ቆመዋል። አብዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ነጻ ነው!» ሲላቸው እልልታቸውን ገደሉ አስተጋባው። አያ ታከለ ከመኪናው ወርደው ወደ ሕፃኗ አመሩና ድንገት ቆሙ። ቀበሮዋን ከቀበሩበት ቀን ጀምሮ ሕፃኗን እንዳልነኳት ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ቤቱ ውስጥ ስትጮኽ እንኳ ወደ ደጅ ይወጡ ነበር።

«ምነው ቆምክ?» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «እጄ ዝሏል። ተቀበለኝ እንጂ!»

ተቀበሏት። ሕፃኗ ጢማቸውን ጨብጣ ሳበች።

አብዱ ሞተሩን አላስነሣም። እኔም ወደ ጎንደር እንሂድ አላልኩትም። ፀሐይዋ ወደ ቆላው ማዘንበል ስትጀምር ነው ቀስ ብለን የተነሣነው፤ ወገራን ሳላይ አልፈነዋል፤ እኔ ከዳባት ጀምሮ ተኝቼ፣ ጎንደር ስንገባ አብዱ «ደርሰናል» ብሎ ቀሰቀሰኝ።