ሊሾው ላይ የተቀባው ሰም

ጓዴ የሚባል ሰው አለ፤ ጎንበስ ማለት አይወድም። ወለል ማልበስ ሥራው ለሆነ ሰው ይህ ይገርማል፤ እሱ ግን ጎንበስ የሚሉለት ሁለት ሠራተኞች አሉት። ብቸና ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ፣ የፕላስቲክ ወለል በጥቅል እያስመጣ፣ ያረጁ ቤቶች ሊሾ ላይ በማስቲሽ ያስለጥፋል። ራሱን «የወለል ባለሙያ» ይላል። ባሕር ዳር አንድ ክረምት ሌሎች ሲሠሩ ቆሞ አይቷል፤ ሙያው ያ ቆሞ ማየት ነው።

ሊሾ ይንቃል። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ሲሚንቶውን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርግና፣ «ይኼን ይዛችሁ ነው እንግዳ የምትጠሩት?» ይላል። ባለቤቶቹ ያፍራሉ። እሱም የሚኖረው በሰው እፍረት ነው።

የማይናገረው ነገር ቢኖር ሊሾ እንዳሳደገው ነው። እናቱ ወለተ ኢየሱስ ሞጣ ውስጥ የሰው ወለል በሰም እየወለወለች አሳደገችው። ቀዩን ሰም በጨርቅ ትቀባና ተንበርክካ እስኪያብረቀርቅ ታሸዋለች። ከምትወለውላቸው ቤቶች ሁሉ የምትኮራው በእትዬ አገሬ ሳሎን ነበር። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር፣ «ዛሬም ፊቴን አየሁበት» ትላለች። ጓዴ ለሥራ ሞጣ ሲመጣ እሷ ዘንድ አያድርም፤ አልጋ ይከራያል። «ቤቷ ይበርዳል» ይላል።

አምና እትዬ አገሬም እንደ ሌላው አፈሩና ሳሎናቸውን እንዲያለብስላቸው ጠሩት። ጓዴን ያስቸኮለው ግን ሌላ ነገር ነው። አቶ ይታያል የሚባሉ ከባሕር ዳር የመጡ ነጋዴ ሞጣ ላይ አሮጌ ፎቅ ገዝተው ሆቴል ሊያደርጉት ነበር። «የእትዬ አገሬን ሳሎን ስትጨርስ አይቼ እወስናለሁ» አሉት። የሆቴሉን ሥራ ማግኘት አለማግኘቱ በዚያ ሳሎን የሚወሰን ሆነ።

ወለተ ኢየሱስ ልጇ ያንን ቤት ሊሠራ መሆኑን ስትሰማ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ሥራው በሚጀመርበት ቀን ማንም ሳይጠራት ማልዳ ሄደች። ልጇ ቆሻሻ ላይ እንዳይሠራ ብላ ሊሾውን ጠረገች፣ አጠበች፣ ከዚያም እንደ ፋሲካ ዋዜማ አድርጋ በሰም ወለወለችው።

«አንቺ፣ ሊሸፈን አይደል እንዴ? ምን አደከመሽ?» አሏት እትዬ አገሬ።

«የባለሙያ እጅ የሚያርፍበት አይደል፣ እትዬ!»

ማስቲሽ ሰም ላይ አይዝም። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጎንበስ ብሎ በጣት መንካት ይበቃል። የዚያን ቀኑ ሰም ባይኖር እንኳ፣ የስንት ዓመት ሰም መጀመሪያ ተፍቆ መነሣት ነበረበት። ጓዴ በሩ ላይ እንደቆመ፣ «ያብረቀርቃል፣ ጥሩ ነው፤ ለጥፉ» አለ።

በማግስቱ አቶ ይታያል ሲመጡ የፕላስቲኩ ጠርዝ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠቅልሎ፣ መሀሉ አብጦ ጠበቃቸው። ሲረግጡት ያበጠው ወደዚያ ሸሽቶ እንደገና አበጠ።

«ይኼ ወለል ነው ወይስ ፍራሽ?» አሉ።

ጓዴ ዞር ሲል እናቱ ጥግ ላይ ቆማለች፤ የልጇን ሥራ ልታይ የክት ነጠላዋን ለብሳ መጥታለች። ጣቶቿ ገና በሰም እንደቀሉ ናቸው።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ አንዲት አሮጊት ሰም ቀብታብኝ ነው እኮ!» አለ።

«አንዲት አሮጊት?» እትዬ አገሬ አፈጠጡበት። «አንተ! አሮጊቷ ስም የላትም?»

ጓዴ ያበጠውን ፕላስቲክ ያይ ጀመር።

«አለኝ እንጂ» አለች እናቱ ፈጥና፤ ለአቶ ይታያልም እጅ ነሣች። «ወለተ ኢየሱስ እባላለሁ፣ ጌታዬ። የቤቱን ወለል የምወለውል ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሳቸው ምንም አላጠፉም።»

እሳቸው አለችው፤ የወለደችውን።

እትዬ አገሬ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ወለተ ኢየሱስ በዓይኗ ለመነቻቸው። መልሰው ዘጉት።

አቶ ይታያል ጥቂት አሰቡ። «እንግዲህ ጥፋቱ ያንተ ካልሆነ፣ ይኼን አስተካክልና ሰኞ መጥተህ ሆቴሉን ለካልኝ» ብለው ወጡ።

«ተመስገን!» አለች ወለተ ኢየሱስ፤ ፊቷ በራ።

ሠራተኞቹ ፕላስቲኩን ሲስቡት እንደ አንሶላ ተነሣ። ሊሾው ከሥሩ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክራ ተንበረከከች፣ ዕድሜዋን ሙሉ የቀባችውን ሰም ትፍቅ ጀመር። ሠራተኞቹ እንኳ አፍረው አጠገቧ ተንበረከኩ።

ጓዴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እንደገና ባለሙያ ሆኗል።

«እዚያ ጋ ቀርቷል» አላት፤ በጫማው ጫፍ እያሳየ።