ያልዞረው ማሽን

ዛሬ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ያጉረመርማል እንጂ አልዞር አለ፤ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ እኔ እስካለሁበት ኩሽና ዘለቀ።

ልጅ ሆኜ አየር ጤና ስንኖር የቤታችን ማሽን እንዲሁ ሆኖ ነበር። አባዬ ከሶኬቱ ነቀለውና ጀርባውን ፈታ። ሞተሩን የሚያስነሳውን ካፓሲተር በመፍቻው ጫፍ እያሳየኝ፣ «አትጠጊ! ተነቀለ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ እዚህ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያደፍጣል» አለኝ።

እማዬ ከግቢ፣ «ቶሎ በል እንጂ፣ ልብሱ ሊሸት ነው!» ስትለው ዞር አለና እጁ ካፓሲተሩን ነካው። ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አባዬ ግድግዳው ሥር ወደቀ። «ደህና ነኝ» አለን። ከዚያ በኋላ ግን ያ እጁ ብርጭቆ ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድም ቀን ስለሱ አውርተን አናውቅም።

ይህን እያሰብኩ ድስቱን አውርጄ ስወጣ ባለቤቴ ማሽኑ ጀርባ ገብቷል። ስሙን ጠራሁት። አልመለሰልኝም።