የአባቴ አውሮፕላን በሳሙና ካርቶን ውስጥ

ያችን አውሮፕላን እጠላት ነበር። ክንድ የምታህል፣ ቢጫ ቀለሟ የተላላጠ የፕላስቲክ አውሮፕላን ናት። አባቴ አብደራፊ ጥጥ እርሻ ላይ ሲሠሩ መድኃኒት የሚረጨውን አውሮፕላን የሚያበር አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ የሰጣቸው እሷን ነው። መተማ መጥተን ቤት ከሠራን በኋላ ከሳሎኑ ኮርኒስ ላይ በሲባጎ ሰቀሏት። የገባ እንግዳ ሁሉ አንጋጦ ካላያት ውኃም አይቀርብለትም።

አባቴ አብራሪ አልነበሩም። ሥራቸው ነጭ ጨርቅ የታሰረበት ረጅም እንጨት ይዞ እርሻው ጫፍ ላይ መቆም ነበር። አብራሪው ጨርቁን አይቶ መስመሩን ይይዛል፤ በላያቸው ሲያልፍ ጥቂት እርምጃ ፈቀቅ ይሉና ደግሞ ይቆማሉ። መድኃኒት የምንለው የትል መርዝ ነው፤ በጥጡም በአባቴም ላይ እኩል ይወርድ ነበር። ማታ ልብሳቸውን እናቴ ታጥባለች። ባዶውን የመርዝ በርሜል ደግሞ በአመድ ፈትገን ውኃ እንጠጣበት ነበር፤ በርሜል የደረሰው ሰው ዕድለኛ ይባላል። የዚያ ነገር ሽታ፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት በናፍጣ የተለወሰ የሚመስለው ሽታ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ምራቄ አፌን ይሞላዋል።

አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አምና ጎንደር ወስጄ ያሳየኋቸው ሐኪም "ከመርዛማ ነገር ጋር ሠርተው ያውቃሉ?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ኧረ እኔስ ከአውሮፕላን ጋር ነው የሠራሁት" አሉት፣ ደረታቸውን ነፍተው።

"አባባ፣ መርዙን ይንገሩት እንጂ" ብል "ዝም በይ!" አሉኝ። ሐኪሙም የሚጽፈውን ጽፎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እናቴን ሳሙና ያስጨረሰው ልብስ፣ ያ ሁሉ ሳል፣ እንዲያው ለአንዲት የፕላስቲክ ክብር ሲባል ተዋጠ። አባቴን ተጸየፍኳቸው። አባት ይጸየፏል ወይ ለሚለኝ፣ እኔ ተጸይፌያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሥራ እንደጎዳቸው ከራሳቸው አፍ መስማት። እሳቸው ካልተናገሩ ሐኪሙ በምን ያውቃል?

ዘንድሮ የክረምቱ መግቢያ ነፋስ ኮርኒሳችንን ቀደደው። ኮርኒስ ማለቴ የተሰፋፋ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። የዓመታት የአይጥ ቆሻሻ፣ ሽንት የጠጣ አቧራ፣ ደርቆ እንደ ቋንጣ የተጣበቀ የአይጥ ሬሳ ሁሉ ተዘረገፈ፤ አውሮፕላኗም አብራ ወደቀች። ግራ ክንፏ ከሥሩ ተገነጠለ፣ አንድ ጎማዋ የገባበት ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከቆሻሻው ጋር ጠርጌ ላወጣት መጥረጊያ ይዤ ስመለስ አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያን ግም ነገር በባዶ እጃቸው እየበተኑ ስብርባሪ ይለቅማሉ።

"ጠግኚልኝ" አሉኝ።

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ አባባ። ይች ቀሚስ መሰለችዎ?"

"እጅሽ ብልህ ነው።"

ስፌት ቤቴ ወስጄ በማስቲሽ ሞከርኩ። የማስቲሹ ሽታ ያንን የድሮውን ሽታ ስለቀሰቀሰብኝ ሁለት ጊዜ ወጥቼ አስመለስኩ። ክንፉ ሦስት ቀን ይዞ በአራተኛው ወለቀ፤ የመተማ ሙቀት ማስቲሽ ያቀልጣል። ተስፋ ቆርጬ፣ ጎረቤቴ ባለሱቁ በሰጠኝ የሳሙና ካርቶን ውስጥ ወረወርኳት። በነጋታው ሳያት የተሰበረው ጎኗ ከካርቶኑ ግድግዳ ተለጥፏል። ክንፏ ከውጭ የቀረ እንጂ የተሰበረ አይመስልም።

ለአባቴ ያንን የጥጥ እርሻ ልሥራላቸው አልኩ። ደግነት አልነበረም፣ እልህ ነው። ዋልካ አፈር አቡክቼ ካርቶኑ ውስጥ ደለደልኩ፤ ሲደርቅ ልክ እንደ በጋው መሬት ራሱ ተሰነጣጠቀ። የመጥረጊያ ስንጥር እየቆራረጥኩ ተከልኩበት፣ በየጫፉ ከትራስ የነቀስኩትን ጥጥ ጠቀለልኩ። አውሮፕላኗን በጠንካራ ሽቦ ከፍ አድርጌ፣ ስብራቷን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ አቆምኳት። ከእርሻው ጫፍ ላይ ከሽቦና ከካኪ ቁራጭ የሠራሁትን ሰውዬ ነጭ ጨርቁን አስይዤ ተከልኩት። አፉን በቀይ ክር ከፍቼ ሰፋሁት። መጨረሻ ላይ ጥጥ እስኪሳሳ ድረስ ሳብኩና ከአውሮፕላኗ ሆድ ጀምሬ እንደ ጭጋግ በሰውየው ራስ ላይ አወረድኩት። ይዩት፣ ይፈሩ አልኩ በልቤ።

አባቴ ደጅ ጥላው ሥር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው። መጀመሪያ አውሮፕላኗን አይተው ፈገግ አሉ።

"ክንፏን ከወዲያ አስቀረሻት።"

ቀጥሎ ጣታቸው ወደ ሰውየው ሄደ።

"ጨርቁ ዝቅ ብሏል፤ አብራሪው አያየውም" አሉ።

በቁሜ አረርኩ። ሰውየው በመርዝ ይታጠባል፣ እሳቸው ስለ ጨርቅ ያወራሉ። ጥርሴን ነክሼ ጨርቁን ከፍ አደረግሁ። ካርቶኑን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"አፉን ሸፍኚለት።"

"አንቱ ይሸፍኑ ነበር?"

"ማን ነግሮን?" አሉ። ጣታቸውን ከሰውየው አፍ ላይ አድርገው "ከንፈር ላይ ያርፍ ነበር። ምሬቱ እስከ ማታ ከምላስ አይለቅም። እናትሽ ያበሰለችው ሁሉ ያንኑ ያንኑ ይለኝ ነበር" አሉ።

ከአምና ጀምሮ ልሰማው የፈለግሁት ይህን ነበር። "ለሐኪሙ ይነግሩታል?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ሸፍኚለት አልኩሽ።"

ከነጭ ቁራጭ ጨርቅ ጥፍር የምታህል ቀደድኩ። ሰውዬው በጣም ትንሽ ስለሆነ ብቻዬን ማሰር አልቻልኩም፤ አባቴ ነቅለው በሁለት ጣታቸው ያዙልኝ፣ እኔ ከማጅራቱ ላይ ቋጠርኩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ቋጥሬ እስክጨርስ ድረስ ሰውየው የያዘው ነጭ ጨርቅ አብራሪ እንደሚጠራ ሁሉ ይውለበለብ ነበር።